ለመካ ውሃ ያመጣች ዙበይዳ

አንባቢ ሆይ! በአላህ ቤት ዙሪያ የሚዞሩትን፥ በዐረፋትም ሜዳ የሚቆሙትን ሰዎች ብዛት ሰምተሃል። ያ ሁሉ ሕዝብ በቀድሞ ዘመን ምን ይጠጣ እንደ ነበር ግን ምናልባት አስበህ አታውቅ ይሆናል። መካ በራቁት ተራሮች መካከል በደረቅ ሸለቆ ውስጥ ያለች ከተማ ናት፤ ወንዝ የላትም። የዘምዘም ጉድጓድ የተባረከ ቢሆንም ለከተማውና ለሐጃጁ ፍላጎት ሁሉ ብቻውን አይበቃም ነበር፤ የቀሩትም ጉድጓዶች ዝናብ በጠፋ ጊዜ ይደርቁ ነበር። እንግዲህ ይህን ችግር አይታ ዝም ያላለችውን ሴት ታሪክ ልንገርህ።

የመጀመሪያ ስሟ አመት አል-ዐዚዝ ነው። አባቷ ጃዕፈር የኸሊፋው የአል-መንሱር ልጅ ነበር። ሕፃን ሳለች አያቷ ዙበይዳ እያለ ያጫውታት ነበር፤ ትርጓሜውም ትንሽ ቅቤ ማለት ነው። የቁልምጫው ስም ዋናውን ስም አስረሳው። በ165 ዓመተ ሒጅራ ሃሩን አር-ረሺድን አገባች፤ እርሱም ከአምስት ዓመት በኋላ ኸሊፋ ሆነ። በባግዳድ ቤቷ ቁርኣንን በቃላቸው የያዙ መቶ ገረዶች እንደ ነበሯት፥ የንባባቸውም ድምፅ እንደ ንብ ቀፎ ይሰማ እንደ ነበር ኢብን ኸሊካን ጽፏል። ጌጥና ሐር የምትወድ ሴትም ነበረች፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም።

በዚያ ዘመን በመካ የአንድ ትልቅ አቁማዳ ውሃ ዋጋ አንድ የወርቅ ዲናር ደርሶ ነበር። ባለጠጋው ይገዛል፤ ከሩቅ አገር በእግሩ መጥቶ ስንቁን የጨረሰው ድኻ ግን ምን ያድርግ? ዙበይዳ ይህን ባወቀች ጊዜ ለጥቂት ቀን ውሃ አስጭና በማደል አልተወችውም። በሥራው ያወቁ መሐንዲሶችን ሰብስባ ምንጭ እንዲፈልጉ አዘዘች። በሑነይን ምንጭ ባገኙ ጊዜም በዚያ ምንጭ የሚለማውን የአትክልት ቦታ በዋጋ ገዛችው። ይህን ልብ በል፤ የኸሊፋ ሚስት ሆና ሳለ የሰውን ውሃ በገንዘቧ ገዝታ ነው ለሕዝብ የሰጠችው። ስፍራውንም ጎርፍ የሚጠራቀምበት ግድብ አደረገችው። ሌላውን ውሃ ደግሞ ከነዕማን ሸለቆ ወደ ዐረፋት አስመጣች።

የገንዘብ ቤት ሹሟ ወጪው እጅግ ብዙ እንደሚሆን ባስጠነቀቃት ጊዜ፥ አንዱ የመዶሻ ምት አንድ ዲናር የሚያስወጣ ቢሆንም እንኳ ሥራው እንዲቀጥል አዘዘች ይባላል። ተራራው ተቆረጠ፤ ዐለቱ ተፈለፈለ፤ ውሃውም ዐሥር ማይል ያህል ተጉዞ ወደ ሐረም ገባ። አል-መስዑዲ ወጪውን 1,700,000 ዲናር ያደርሰዋል። በ194 ዓመተ ሒጅራ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ810 ገደማ፥ ሥራው ከተፈጸመ በኋላ ሹማምቱ የሒሳቡን መዝገብ ቢያመጡላት ሳትመረምር ወደ ጤግሮስ ወንዝ አስጣለችው የሚል ታሪክም አለ። እኛ ግን በዚህ ነገር እርሷን ምሰል አንልህም፤ የሕዝብ ገንዘብ በእጁ ያለ ሰው መዝገቡን ሊጠብቅ ይገባዋል።

የቦዩን አሠራር ብትመለከት ይበልጥ ትደነቃለህ። ውሃው የሚሔደው በቁልቁለት ብቻ ነው፤ ስለዚህ የመሬቱ ዝንባሌ በጥንቃቄ ተለክቶ ነበር። ቦዩ በድንጋይና በኖራ ተሠርቶ ከላይ ተከደነ፤ አቧራና እንስሳ እንዳያቆሽሹት ነው። በየርቀቱም ሰው ገብቶ ደለሉን የሚጠርግበት አፍ ተተወለት። ከኩፋ ወደ መካ በሚወስደው፥ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነው የሐጅ መንገድ ላይም ኩሬዎችን አሠራች፤ መንገዱም እስከ ዛሬ በስሟ ይጠራል። አቡ ዘር በተቀበረበት በረበዛ ያለውን ኩሬ የመሰሉት ከጎናቸው ትንሽ ማጥለያ አላቸው፤ ጎርፉ በመጀመሪያ በዚያ ቆሞ ጭቃውን ከጣለ በኋላ የጠራው ብቻ ወደ ትልቁ ይተላለፋል።

ኋላ ግን መከራ አገኛት። ባሏ በ193 ዓመተ ሒጅራ ሞተ፤ ልጇ አል-አሚንም በ198 ከወንድሙ ጋር ባደረገው ጦርነት ተገደለ። እርሷ በ216 (በ831) በባግዳድ ዐረፈች። ሥልጣኑም ልጁም አለፉ፤ ውሃው ግን ይፈስ ነበር።

ነገር ግን ውሃው በራሱ እንደ ፈሰሰ አይምሰልህ። ጎርፍ ቦዩን ያፈርሰው፥ ደለልም ይዘጋው ነበር፤ በዚያን ጊዜ መካ እንደገና ትጠማለች። የኢርቢል ገዥ ሙዘፈረዲን አስጠገነው፤ በ726 ዓመተ ሒጅራም የሞንጎሎቹ አሚር ቹባን ውሃውን መልሶ ወደ ከተማው አስገባ። በ16ኛው መቶ ዓመት የሱልጣን ሱለይማን ልጅ ሚህሪማህ የዐረፋትን ውሃ እስከ መካ ለማድረስ ገንዘብ ሰጠች፤ ሠራተኞቹ መንገዱን የዘጋውን ዐለት በእሳት እያጋሉ ሲሰብሩት ብዙ ዓመት ፈጅቶ በ979 (በ1571) ተፈጸመ።

እንግዲህ አንተና የመስጊድህ ጀማዓ ጉድጓድ ለማስቆፈር ስታዋጡ፥ የመጀመሪያው ቀን ደስታ ብቻ አይታያችሁ። ጉድጓዱ ክዳን አለው ወይ? መጸዳጃው ከእርሱ ራቅ ብሎአል ወይ? ገመዱ ቢበጠስ ወይም ማሽኑ ቢሰበር የሚጠግነው ማነው፥ ገንዘቡስ ከየት ይወጣል? ለዚህ የሚሆን አንድ ሱቅ ወይም አንድ እርሻ ወቅፍ ማድረግ ሁለተኛ ጉድጓድ ከመቆፈር ሊበልጥ ይችላል። ውሃውም ለጎረቤት ሁሉ ይሁን፤ የተጠማውን ሃይማኖቱን አትጠይቀው።

ይህን ቸል ማለት የሚያመጣው ጉዳት በመካም ታይቷል። በ1865 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሐጅ ወራት የኮሌራ በሽታ ገብቶ በሺህ የሚቆጠሩ ሐጃጆችን ገደለ፤ ይህ በሽታ በዋነኛነት በተበከለ ውሃ የሚተላለፍ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የዙበይዳን ምንጭ የሚያስጠርግ ኮሚቴ በመካ ተቋቋመ፤ በሕንድ አገር የሚኖሩ ሙስሊሞችም ገንዘብ አዋጥተው ላኩለት። ዛሬ ከተማይቱ ከቀይ ባሕር ጨው ተለይቶለት በቧንቧ የሚመጣ ውሃ ትጠጣለች። የዙበይዳ ቦይ የድንጋይ ግንብ ግን በዐረፋት ተራራ ግርጌ አሁንም ይታያል።