እጅም ይጸልያል፤ የአባ ፔድሮ ፓኤዝ ሕይወት

በአገራችን ከጥንት ዠምሮ አንድ ክፉ ልማድ ነበረ፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። መጽሐፍ የሚያነበው ይከበራል፤ ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ሸክላ የሚሠራውም ይናቃል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በዐዋጅ ከለከሉ፤ ነገር ግን ዐዋጅ አፍን ይከለክላል እንጂ ልብን አያቀናም። ስለዚህ በእንጅባራና በዳንግላ ለምትኖሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ ይልቁንም ለተማሪዎች፣ የአንድ ካህን ሕይወት እንነግራችኋለን።

ከእንጅባራ በስተ ምሥራቅ በሰከላ የግሽ ዓባይ ምንጭ ይገኛል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1618 ዓመት ከዐፄ ሱስንዮስ ጋራ በዚያ አገር ተጕዘው ይህን ምንጭ ያዩ፣ ያዩትንም የጻፉ፣ አባ ፔድሮ ፓኤዝ ናቸው።

አባ ፔድሮ በ1564 በእስጳኝ አገር ተወለዱ። የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ሆነው ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ በዐረብ ባሕር ተማረኩ። ሰባት ዓመት ያህል በየመን በምርኮ ኖሩ፤ በሰንሰለት ታስረውም መርከብ ቀዘፉ። ከዚያ መከራ ከወጡ በኋላ ግን ሐሳባቸውን አልተዉም፤ በ1603 ምጽዋ ደረሱ። በዐድዋ አጠገብ በፍሬሞና ተቀምጠው ግዕዝና አማርኛ ተማሩ።

ዐፄ ሱስንዮስ በጣና ዳር በጎርጎራ ቤተ መንግሥት እንዲያሠሩላቸው በፈቀዱ ጊዜ፣ አባ ፔድሮ ካህንነታቸውንና ትምህርታቸውን ምክንያት አድርገው ከሥራው አልራቁም። መዶሻውን፣ መሮውንና ሌላውንም መሣሪያ በገዛ እጃቸው ሠሩ። ሠራተኞቹንም ድንጋይ መጥረብና እንጨት መላግ አስተማሩ። ፎቅ ያልለመደው ሕዝብ በሥራው ተደንቆ ቤቱን ቤት ላይ ቤት ብሎ ጠራው። መዶሻ የያዘው ያው እጅ ቅዳሴ ቀደሰ፤ ያው እጅ የኢትዮጵያን ታሪክ በፖርቱጋል ቋንቋ ጻፈ። አንዱ ሥራ ሌላውን አላረከሰውም። በ1622 በወርኀ ግንቦት በንዳድ ታመው በጎርጎራ ዐረፉ።

ከሞታቸው በኋላ በሃይማኖት ክርክር ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 መንግሥቱ ወደ ዐፄ ፋሲለደስ ተላለፈ፤ ሚሲዮናውያኑም ኋላ ከአገር ተባረሩ። በግድ የተተከለው አልጸናም። ሌላውን በትዕግሥት ያስተማረ እጅ ግን ምስጋና ይገባዋል።

አንባቢ ሆይ፤ ጌታችን በናዝሬት በጸራቢ ቤት እንዳደገ፣ ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን እየሰፋ እንደ ኖረ ታውቃለህ። እንግዲህ በእንጅባራ ከቀርከሃ ወንበር የሚሠራ ሰው የማይታየውን ወገን እንደሚታየው አድርጎ ቢያለሰልስ፣ ደካማውንም ማሰሪያ ገዢው ሳያየው ፈትቶ ቢያጠብቅ፣ ሥራውን ለእግዚአብሔር አቀረበ። ሥራውን በተንኰል የሚሠራ ግን ምንም ቢጾምና ቢሰግድ ባልንጀራውን አታለለ። ተማሪም ብዕር የለመደ እጁ መዶሻ ቢይዝ አይፈር፤ አባቱ ሸማኔ ወይም ቀጥቃጭ ቢሆንም የአባቱን ሙያ በጓደኞቹ ፊት አይሸሽግ። እግዚአብሔር የሰጠንን እጅ ንጹሕ አድርገን ለሰው ጥቅም ብንሠራበት፣ አፋችን ዝም ባለ ጊዜ እንኳ እጃችን ይጸልያል።