ሳይቃጠል በቅጠል፤ የዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን ሕይወትና የነፍሰ ጡሮች ምርመራ

ከአሰላ ከተማ ተነሥቶ በሳጉሬ በኩል ወደ በቆጂ የሚጓዝ መንገደኛ የጭላሎን ተራራ እየተመለከተ በስንዴና በገብስ ማሳ መካከል ያልፋል። አገሩ ለም፣ አየሩ ቀዝቃዛ፣ ሕዝቡም ታታሪ ነው። ነገር ግን ከዋናው መንገድ ርቀው በተራራው ጥግና በሸለቆው ውስጥ በሚገኙት መንደሮች፣ በተለይም በክረምት ጭቃው ሲበረታ፣ ምጥ የጠናባትን ሴት ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ እስከ ዛሬ ድረስ ቀላል ነገር አይደለም። ቃሬዛ ተሸክመው ወንዝ የሚሻገሩት ጎረቤቶች ብርታታቸው የሚፈተነው በዚያች ሰዓት ነው።

በአርሲ ኦሮሞ ባህል ነፍሰ ጡርም ሆነች አራስ ክብሯ የተጠበቀ ነው። የወለደች ሴት ቀነፋ የተባለውን የክብር ምልክት በግንባሯ ላይ አሥራ በምትቆይባቸው ወራት ማንም ሊመታት ወይም ክፉ ቃል ሊናገራት አይገባም፤ ክብሯ ቢደፈር የአካባቢው ሴቶች ሲንቄ የተባለውን በትራቸውን ይዘው ተሰብስበው ይወጣሉ። እንግዲህ እናትን ማክበርን ለደጋው ሕዝብ ሐኪም አያስተምረውም። ሐኪም በዚህ ክብር ላይ ሊጨምር የሚችለው ዐይን የማያየውን አደጋ አስቀድሞ የሚለይ መለኪያን ነው። ለዚህ ነገር ዕድሜያቸውን ከሰጡት ሰዎች አንዱ የዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን ታሪክ ከዚህ ቀጥሎ ቀርቧል። የሥራቸው ማዕከል አዲስ አበባ ቢሆንም፣ ከሕይወታቸው የሚገኘው ትምህርት በአርሲ ደጋ ለሚሠራ አዋላጅ ሁሉ የሚጠቅም ነው።

ዶክተር ሃምሊን የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1908 በኒው ዚላንድ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአውስትራሊያ በሲድኒ ከተማ፣ ክራውን ስትሪት በተባለው የሴቶች ሆስፒታል የሕክምና ኃላፊ ሆነው ሠሩ። ሆስፒታሉ የነበረበት ሰፈር በዚያን ዘመን የድሆች መኖሪያ ነበር። በዚሁ ሆስፒታል ትሠራ ከነበረችው ወጣት ሐኪም ከካትሪን ኒኮልሰን ጋር ተዋውቀው እ.ኤ.አ. በ1950 ጋብቻ ፈጸሙ። ዓለም ሁለቱን ባልና ሚስት የሚያውቃቸው በፊስቱላ ቀዶ ሕክምና ነው። ሆኖም ባልየው ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣታቸው በፊት በሌላ ሥራ ስም አትርፈው እንደ ነበር ብዙ ሰው አያስታውስም።

ያም ሥራ የኤክላምፕሲያ መከላከል ነበር። ይህ ሕመም በእርግዝና ምክንያት የደም ግፊት ከፍ ከማለቱና ፕሮቲን በሽንት ውስጥ ከመታየቱ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ራስ ምታትና የዐይን ብዥታ ሊያመጣ ይችላል፤ በመጨረሻም ሴቲቱን ያንዘፈዝፋታል፤ ራሷንም ያስታታል። ብዙ ጊዜ እናትንም ሕፃንንም ይገድላል። በዚያን ጊዜ ብዙዎች የሕክምና ሰዎች ይህን እንደ ድንገተኛ አደጋ ስለሚቆጥሩት የሚዘጋጁት ሴቲቱ ከወደቀች በኋላ ለማዳን ነበር። ዶክተር ሃምሊን ግን አደጋው ከመድረሱ ከብዙ ሳምንታት በፊት ምልክት እንደሚሰጥ በማመን፣ ወደ ሆስፒታሉ የሚመጡት ነፍሰ ጡሮች በየጊዜው እንዲመዘኑ፣ የደም ግፊታቸው እንዲለካ፣ አመጋገባቸው እንዲጠበቅ፣ ቀጠሮ የቀረችው ሴት ሳትረሳ እንድትፈለግ አደረጉ። በዚህ ጥብቅ ክትትል የተነሣ ኤክላምፕሲያ ከዚያ ሆስፒታል ከሞላ ጎደል ጠፋ። ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1952 ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት አሳተሙ።

እዚህ ላይ እውነቱን ለይቶ መናገር ተገቢ ነው። ዶክተር ሃምሊን ክብደት እንዳይጨምር በምግብ ላይ ያደረጉትን ጥብቅ ቁጥጥር በኋላ የተደረጉት ጥናቶች አልደገፉትም። ዛሬ ማንም ነፍሰ ጡር ኤክላምፕሲያን ለመከላከል ተብሎ ምግብ እንድትቀንስ አትመከርም፤ ይልቁንም በቂ ምግብ ለማታገኝ ሴት እንዲህ ያለው ምክር ጎጂ ነው። ጸንቶ የቆየው ሌላው ክፍል ነው፤ ይኸውም በየጊዜው መለካት፣ የተለካውን መጻፍ፣ የተጻፈውንም ከቀድሞው ጋር ማነጻጸር ነው። አንዲት ሴት የደም ግፊቷ ዛሬ ስንት እንደ ሆነ ማወቅ ይጠቅማል፤ ካለፈው ወር ይልቅ ከፍ ማለቱን ማወቅ ግን የበለጠ ይጠቅማል።

ባልና ሚስቱ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1959 ሲሆን፣ ምክንያቱም በዚያው በላንሴት መጽሔት የወጣ የሥራ ማስታወቂያ ነበር። ማስታወቂያው በአዲስ አበባ በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት የሚያቋቁሙ ሐኪሞችን የሚጠይቅ ነበር። ውሉ ለሦስት ዓመት ሲሆን፣ ትንሹን ልጃቸውን ይዘው መጡ።

ሆስፒታሉ የተሰየመላቸው ልዕልት ታሪክ ራሱ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ምስክር ነው። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን በእንግሊዝ አገር በነርስነት ሠልጥነው፣ አገራቸው ነፃ ስትወጣ ተመለሱ። ባለቤታቸው የወለጋ አገረ ገዥ ስለ ነበሩ ወደ ነቀምቴ ሄደው፣ እ.ኤ.አ. በ1942 ገና በ22 ዓመታቸው ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር በዚያ አረፉ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ለነበሩት፣ በዚያ ላይ ነርስ ለነበሩት ወይዘሮ ርቀት እንዲህ ያለ አደጋ ካመጣ፣ በጭላሎ ጥግ ላለችው የገበሬ ሚስት ምን ያህል እንደሚያመጣ አንባቢ ይፍረድ። በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፈተ፤ ዛሬ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል በመባል ይታወቃል።

ዶክተር ሃምሊን በዚህ ሆስፒታል ሥራ እንደ ጀመሩ በአገራቸው አይተውት የማያውቁት ሕመም ገጠማቸው። ምጥ ለቀናት ሲቆይና ሕፃኑ መውጫ ሲያጣ፣ ጭንቅላቱ የሽንት ፊኛን ከዳሌ አጥንት ጋር ይጨፈልቀዋል፤ ደም ያልደረሰው ሥጋ ይሞትና ቀዳዳ ይሆናል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል፤ እናቲቱ ደግሞ ሽንቷን መቆጣጠር ተስኗት ከባሏና ከጎረቤቶቿ ትለያለች። እንዲህ ያሉት ሴቶች ከየክፍለ ሀገሩ በእግር፣ በበቅሎና በአውቶቡስ ይመጡ ነበር፤ በአውቶቡስም ውስጥ በጠረናቸው ምክንያት ተሳፋሪው ይሸሻቸው ነበር። በሆስፒታሉ ከሌሎች በሽተኞች ጋር መተኛት ሲያሳፍራቸው፣ ባልና ሚስቱ በግቢው ውስጥ ለእነርሱ ማረፊያ ቤት አሠሩላቸው።

በሽታው በበለጸጉት አገሮች ከተረሳ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር። በኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1855 ለዚሁ ሕመም ሆስፒታል ተከፍቶ ነበር፤ ነገር ግን ሠለጠነ አዋላጅና በቀዶ ሕክምና ማዋለድ ሲስፋፋ ፊስቱላ በዚያ አገር ብርቅ ሆነ። በዚህ ምክንያት ዶክተር ሃምሊንና ባለቤታቸው የግብፅንና የጀርመንን ሐኪሞች የቀድሞ ጽሑፎች እያጠኑ ጥበቡን ራሳቸው መማር ነበረባቸው። የሦስቱ ዓመት ውል ካለቀ በኋላም አልሄዱም። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1975፣ አገሪቱ በታላቅ የመንግሥት ለውጥ ውስጥ ሳለች፣ የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ተከፈተ።

በዚህ ሆስፒታል ከታከሙት ሴቶች አያሌዎቹ እዚያው ቀርተው እኅቶቻቸውን የሚያስታምሙ ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ1962 በሽተኛ ሆነው የመጡት ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ፣ ማንበብና መጻፍ ሳይችሉ፣ አጠገብ ቆመው እያዩ ቀዶ ሕክምናውን ተምረው የታወቁ ባለሙያ ለመሆን በቁ። እ.ኤ.አ. በ1989 የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ለእርሳቸውና ለዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን የወርቅ ሜዳሊያ ሰጥቷል።

ከዚህ ሁሉ ክብር አጠገብ ግን አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። ዶክተር ሃምሊን ወደዚህ አገር የመጡበት ዋና ጉዳይ የአዋላጆች ትምህርት ቤት ነበር። ይህ ትምህርት ቤት ጥቂት አዋላጆችን ካሠለጠነ በኋላ በገንዘብ እጥረት ተዘጋ። ለመከላከል የመጡት ሐኪም ሳይከላከሉት የደረሰውን ጉዳት ሲጠግኑ ዕድሜያቸውን ጨረሱ። ጥገናው ያስመሰግናል፤ ምስጋናም ተገኝቶበታል። ምክንያቱም የዳነችው ሴት አዲስ ልብስ ለብሳ ወደ አገሯ ስትመለስ ሁሉ ያያታል። የደም ግፊቷ በጊዜው ታውቆ ያልተንዘፈዘፈችው ሴት፣ ምጥ ሳይጠናባት ወደ ሆስፒታል የተላከችው ሴት ግን ማንም አያያትም፤ እርሷም ራሷ ከምን እንደ ዳነች አታውቅም። ያልደረሰ አደጋ ምስክር የለውም። የመከላከል ሥራ በጀት የሚያጣው በዚህ ምክንያት ይመስለናል።

ዶክተር ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1993 በአዲስ አበባ ዐረፉ፤ የተቀበሩትም በዚሁ ከተማ ነው። ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሥራውን ቀጥለው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ቀድሞ የታሰበውን ነገር ከፍጻሜ አደረሱት፤ የሃምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ተማሪዎችን ከገጠር መርጦ፣ አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይመልሳል። ዶክተር ካትሪንም እ.ኤ.አ. በ2020 አርፈዋል።

በዚህ መካከል አገሪቱ ብዙ መንገድ ሄዳለች። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በሠለጠነ ባለሙያ የቅድመ ወሊድ ክትትል ያገኙት እናቶች ከመቶ 27 ሲሆኑ፣ በጤና ተቋም የወለዱት ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው ጥናት ክትትሉን ያገኙት ከመቶ 74፣ በጤና ተቋም የወለዱት ከመቶ 48 ደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ለዚህ ውጤት ትልቅ ድርሻ አለው። ይሁን እንጂ በዚሁ በ2019 ጥናት አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የተመረመሩት ከመቶ 43 ብቻ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የሚመክረው ደግሞ ስምንት ጊዜ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የተለካ የደም ግፊት፣ ከላይ እንዳልነው፣ የሚነጻጸርበት የለውም።

ከዚህ ተነሥተን ወደ አርሲ ደጋ እንመለስ። ዛሬ በአሰላ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ የማስተማሪያና ሪፈራል ሆስፒታል አለ፤ በየወረዳው ጤና ጣቢያ፣ በየቀበሌውም ጤና ኬላ ተሠርቷል። ለአንዲት ነፍሰ ጡር የሚያስፈልጋት ምርመራም ውድ አይደለም፤ የደም ግፊት፣ የሽንት ፕሮቲን፣ የደም ማነስ፣ የደም ዓይነት፣ የቂጥኝ፣ የኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስ ምርመራ ነው። ለእነዚህም የሚያስፈልጉት የሚሠራ መለኪያ፣ ያላለቀ የምርመራ ወረቀት፣ የሚጽፍ እጅ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል፣ ከደጋው ሁለት ሰዓት በእግር የመጣችው ሴት ሆዷ ብቻ ተዳስሶ ትመለሳለች፤ በሁለተኛው ቀጠሮ ብትቀር ማን ይፈርድባታል?

ምርመራ ሁሉን አያድንም። የትኛዋ ሴት ምጥ እንደሚጠናባት አስቀድሞ በርግጠኝነት የሚለይ መሣሪያ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ፊስቱላን የሚከላከለው በጊዜው የደረሰ አዋላጅና ቀዶ ሐኪም ነው። ነገር ግን ሴቲቱ ከአዋላጇ ጋር ተዋውቃ የት እንደምትወልድ፣ ማን እንደሚሸከማት፣ ቀኗ ሲቀርብ በእናቶች ማቆያ እንደምታርፍ የምትማከረው በዚያች የምርመራ ቀን ነው። በዚያች ቀን የተገኘው እምነት ከወሊድ በኋላም ያገለግላል። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ለሆኑ ሴቶች የሚደረገውን የማኅፀን በር ካንሰር ምርመራ ብዙዎች የሚፈሩት ሕመሙ እስኪሰማቸው ድረስ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ይዘገያል። በእርግዝናዋ ጊዜ በክብር የተስተናገደች እናት ለዚህኛው ምርመራ ሳትፈራ ትመጣለች፤ ጎረቤቷንም ይዛ ትመጣለች።

የሙያ ጓደኞቻችን ሆይ፣ የዶክተር ሃምሊንን ስም ስንጠራ የቀዶ ሕክምናውን ክፍል ብቻ እንዳናስብ አደራ እንላለን። ቀድሞ የነበረውን የሲድኒውን ክፍል፣ ሴቶች ተራ ይዘው የሚመዘኑበትንና የሚለኩበትን ክፍልም እናስብ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለእኛ ተረት ሆኖ መቅረት የለበትም። በበቆጂ፣ በሳጉሬ ወይም በሌላው የደጋ ጤና ጣቢያ ነገ ጠዋት የመጀመሪያዋ ነፍሰ ጡር ስትገባ፣ መለኪያው በክንዷ ላይ ይጠምጠም፤ ቁጥሩም በካርዷ ላይ ይጻፍ። ቀጠሮዋን ያለፈች እንደ ሆነ ደግሞ የሚፈልጋት ሰው ይኑር።