ዋልተር ካደን፦ ከትንሽ ሞተር ታላቅ ጉልበት ያፈለቀ መሐንዲስ

ቱ ስትሮክ በመባል የሚታወቀውን ባለ ሁለት ምት ሞተር ከተራ የመጓጓዣ መሣሪያነት አውጥተው ለዓለም አቀፍ ውድድር ካበቁት ባለሙያዎች መካከል ጀርመናዊው መሐንዲስ ዋልተር ካደን በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳል። እርሱ ያዳበረው የማርሚታ አሠራር ከውድድር ሞተር ብስክሌቶች አልፎ ለሞዴል አውሮፕላን ጥቃቅን ሞተሮች ጭምር የጉልበት ምንጭ ሆኗል።

ካደን እ.ኤ.አ መስከረም 1 ቀን 1919 በጀርመን ሳክሶኒ ግዛት ፖበርሻው በተባለች ስፍራ ተወለደ። አባቱ በዲ.ካ.ቬ የሞተር ብስክሌት ፋብሪካ የሽያጭ ኃላፊ ሾፌር ስለነበር ከሞተር ጋር የተዋወቀው ገና በልጅነቱ ነው። እ.ኤ.አ በ1927 የኑርቡርግሪንግ የመኪና መወዳደሪያ ሲመረቅ በስፍራው ተገኝቶ መመልከቱም በውስጡ ጥልቅ ፍላጎት አሳድሮበታል። ከዚያም በኬምኒትስ ከተማ የቴክኒክ ትምህርቱን ተከታትሏል።

እ.ኤ.አ በ1940 በሄንሸል የአውሮፕላን ፋብሪካ ተቀጥሮ በሬዲዮ የሚመራ ተወንጫፊ መሣሪያ ከሚሠሩ ባለሙያዎች ጋር ተሰማራ። ጦርነቱ ሲያበቃ በአሜሪካውያን እጅ ለጥቂት ጊዜ ቆይቶ ወደ ቾፓው ከተማ ተመለሰ። በቦምብ ለፈረሱ ቤቶች የጣሪያ እንጨት እየሠራ ኑሮውን ሲመራ፣ በትርፍ ጊዜው 125 ሲሲ የሆነውን የዲ.ካ.ቬ ሞተር እያሻሻለ የውድድር ሞተር ብስክሌት ይገነባ ነበር። ይህን ችሎታውን የተመለከቱት የመንግሥት ፋብሪካው ኃላፊዎች እ.ኤ.አ በ1953 የውድድር ክፍሉን እንዲመራ ሾሙት። ፋብሪካው ከጊዜ በኋላ ኤም.ዜድ በሚል ስያሜ ታወቀ።

በእጁ የነበረው ሀብት ውስን ነበር። የፋብሪካው መሣሪያዎች ከጦርነቱ በኋላ በካሳ መልክ ወደ ሶቪየት ኅብረት ተወስደው ስለነበር ሥራው እንደ አዲስ የተጀመረ ያህል ነበር። ሞተሩ ራሱም መሠረታዊ ችግር ነበረበት። በባለ ሁለት ምት ሞተር ጭሱ የሚወጣውም ሆነ የአየርና የነዳጅ ድብልቁ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው በግድግዳው ላይ በተበሱ ቀዳዳዎች ነው። ቀዳዳዎቹን የሚከፍተውና የሚዘጋው ፒስተኑ ሲሆን፣ ሁለቱም በአንድነት ተከፍተው በሚቆዩባት ቅጽበት ገና ያልተቃጠለ ድብልቅ ከጭሱ ጋር ያመልጣል። በዚህ ምክንያት ነዳጅ ይባክናል፤ ጉልበትም ይቀንሳል።

ካደን ችግሩን ለመፍታት ከሌሎች መማርን አልናቀም። ዳንኤል ዚመርማን የተባለ ባለሙያ የሠራውን ተሽከርካሪ ዲስክ ቫልቭ ተቀብሎ አሻሻለው፤ ለድብልቁም ተጨማሪ ማስገቢያ ቀዳዳ አበጀ። ዋነኛ ትኩረቱ ግን ከሞተሩ ውጭ በሚገኘው ማርሚታ ላይ ነበር። ጭሱ ሲወጣ በቱቦው ውስጥ የግፊት ሞገድ ይፈጠራል። ቱቦው እየሰፋ ሲሄድ የሚመለሰው ሞገድ የቀረውን ጭስ ስቦ ያወጣል፤ መጨረሻው ላይ ሲጠብ ደግሞ ተመላሹ ሞገድ ሊያመልጥ የነበረውን ድብልቅ ወደ ሲሊንደሩ መልሶ ይገፋዋል። ካደን የሞገዱን ጠባይ በኦሲሎስኮፕ እየመረመረ የቱቦውን ርዝመትና ቅርጽ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር አጣጣመ።

ውጤቱ አመርቂ ነበር። እ.ኤ.አ በ1954 ወደ 13 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው 125 ሲሲ ሞተር እ.ኤ.አ በ1961 በደቂቃ 10,800 ዙር እየዞረ 25 የፈረስ ጉልበት ለመስጠት በቃ። ይህም በሊትር 200 የፈረስ ጉልበት ማለት ሲሆን፣ አየር በኃይል የሚያስገባ መሣሪያ ሳይታከልበት ከዚህ ደረጃ የደረሰ የመጀመሪያው ሞተር እንደሆነ ይነገርለታል።

በዚያው ዓመት የሥራውን ፍሬ ሊያይ ሲቃረብ ከባድ ፈተና ገጠመው። የቡድኑ ጋላቢ ኤርንስት ዴግነር የ125 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮናን እየመራ መስከረም ወር ላይ ወደ ስዊድን አቀና። የበርሊን ግንብ ከተገነባ ገና አንድ ወር ያህል ነበር። በውድድሩ ሞተሩ ተበላሸበት፤ ዴግነርም ባለቤቱና ልጆቹ በስውር ወደ ምዕራብ ጀርመን እንዲሻገሩ ከተደረገ በኋላ እርሱም በዚያው ቀረ። ቀጥሎ ወደ ጃፓኑ ሱዙኪ ሲያመራ የካደንን የዓመታት ልፋት እውቀት ይዞ ነበር። ዋንጫው ለሆንዳው ጋላቢ ቶም ፊሊስ ሆነ። ሱዙኪ በበኩሉ እ.ኤ.አ በ1962 ዴግነር በጋለበው የ50 ሲሲ ሞተር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ካደን ግን በሥራ ገበታው ጸና። ከግንቡ መሠራት በኋላ ጋላቢዎቹ ወደ በርካታ የምዕራብ አገሮች መግባት ቢከለከሉም፣ እ.ኤ.አ በ1963 እንግሊዛዊው ማይክ ሄይልውድ በኤም.ዜድ 250 ሲሲ ሞተር በምሥራቅ ጀርመን ግራንድ ፕሪ አሸንፏል። ካደን የሠራቸው ሞተሮች እ.ኤ.አ ከ1955 እስከ 1976 ድረስ በ13 የግራንድ ፕሪ ውድድሮች ድል አስመዝግበዋል። የዓለም ሻምፒዮናን ዋንጫ ግን ኤም.ዜድ አላገኘም።

እውቀቱ ሌሎችን ለድል አብቅቷል። የጃፓን ፋብሪካዎች በዚሁ መንገድ ለአሥርት ዓመታት ሻምፒዮናውን ተቆጣጥረውታል። የሞዴል አውሮፕላን ባለሙያዎችም እ.ኤ.አ በ1960ዎቹ የተስተካከለ ማርሚታን በጥቃቅን ሞተሮቻቸው ላይ በመግጠም ፍጥነታቸውን ከፍ አድርገዋል። ሞተሩ ሲያንስና ዙሩ ሲፈጥን ቱቦው ያጥራል እንጂ የሞገዱ ሕግ አይለወጥም።

ዋልተር ካደን እ.ኤ.አ መጋቢት 3 ቀን 1996 በ76 ዓመቱ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። በውስን ሀብት የሚሠራ ባለሙያ በትዕግሥትና በምርምር ከታላላቅ ተቋማት ጋር ሊወዳደር እንደሚችል የሕይወቱ ታሪክ ያስረዳል። በአንጻሩ ሠራተኛውን በእምነት ሳይሆን በግንብ ለማቆየት የሚሞክር ሥርዓት በብዙ ድካም የተገኘ እውቀትን እንዴት በአንድ ጀምበር ሊያጣ እንደሚችልም ያመለክታል።