ሁለቱም ወደ አንድ አምላክ ጸለዩ

የአብርሃም ሊንከንን የሕይወት ታሪክ አንብቤ ስጨርስ ልቤ በእጅጉ ተነካ።

ሊንከን እ.ኤ.አ. በ1809 በኬንታኪ፣ ከግንድ በተሠራች ጎጆ ተወለደ። በዘጠኝ ዓመቱ እናቱን አጣ። በ1861 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በሆነ በሁለተኛው ወር የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። በ1862 የአሥራ አንድ ዓመት ልጁ ዊሊ ታሞ ሞተበት። በሐዘኑ ግን ሥራውን አልተወም፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1863 በዐመፁት ግዛቶች ያሉ ባሮች ነጻ መሆናቸውን አወጀ።

ይበልጥ የነካኝ ግን ማርች 4 ቀን 1865 ያደረገው ንግግር ነው። ድሉ በእጁ ሊገባ ተቃርቦ ነበር። እርሱ ግን ጠላቱን አልረገመም። ሁለቱም ወገኖች አንድ መጽሐፍ ቅዱስ እያነበቡ ወደ አንድ አምላክ እንደ ጸለዩ፣ የባርነትም ዕዳ የደቡቡ ብቻ ሳይሆን የሰሜኑም እንደ ሆነ ተናገረ። ቂም ትተው የአገሪቱን ቁስል እንዲፈውሱ ሕዝቡን ለመነ። ስድስት ሳምንት ሳይሞላ፣ በስቅለት ዓርብ ማታ በጥይት ተመታ፤ በማግስቱም ሞተ።

ወገኖቼ፣ እኛስ? ከወንድማችን ጋር ስንጣላ ጌታ ከእኔ ወገን ነው ለማለት እንቸኩላለን። እርሱም በጓዳው ወደዚያው ጌታ እያለቀሰ ይሆናል። ዛሬ ስትንበረከኩ ከእርሱ በደል በፊት የራሳችሁን ተናዘዙ።

ጌታ ይባርካችሁ።