ከዘጌ ደን እስከ ድሬዳዋ ጉምሩክ፦ የነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሕይወት

የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ የጻፉት ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በአንድ ወቅት የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም እንደ ነበሩ ከመካከላችን የሚያስታውስ ብዙ አይደለም። ስማቸውን በትምህርት ቤት ከመጽሐፋቸው ጋር አጥንተን፣ ፈተናውን አልፈን፣ በዚያው ረስተናቸዋል። የሚያስታውሷቸውም ቢሆኑ በሁለት ወገን የተከፈሉ ናቸው። አንደኛው ወገን የደራሲነታቸውን ክብር ብቻ ሲያወራ፣ ሌላው ለጠላት ማደራቸውን ብቻ ይቈጥራል። እኛ ሁለቱንም ሳንሸሽግ፣ መንግሥት ለኪነ ጥበብ የሚያደርገው እርዳታ በምን ላይ ሲቆም እንደሚጸና፣ በምን ላይ ሲቆም ደግሞ እንደሚፈርስ በእኚህ ሰው ሕይወት ልናሳይ አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አገራችን አቈጣጠር ናቸው።

ነጋድራስ አፈወርቅ በ1860 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ ዳር በምትገኘው በዘጌ ተወለዱ። ዘጌ ቡና የሚበቅልባት፣ ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት በደን መካከል የተሠሩባት ምድር ናት። በአቡነ በትረ ማርያም ስም የሚነገር ጥንታዊ ሥርዓት አላት፤ ይኸውም በዚያ ምድር በሬ ጠምዶ ማረስንና ከብት ማርባትን የሚከለክል ነው። ይህን ሥርዓት የሚያስጠብቅ ጦር አልነበረም። ሆኖም ሕዝቡ ስላከበረው በዙሪያው ያለው አገር ሲራቈት የዘጌ ደን ብዙ መቶ ዓመታት ቆየ። በደኑም ውስጥ እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያሉት አብያተ ክርስቲያናት በግድግዳቸው ላይ ከተሣሉት ሥዕሎች ጋር እስከ ዘመናችን ደረሱ። አንባቢ ይህን ነገር በልቡ እንዲያኖርልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

ወጣቱ አፈወርቅ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት የተማሩት በዚህ ስፍራ ነበር። በዚያ ዘመን ሥዕል ማለት የቤተ ክርስቲያን ሙያ ነው። ሠዓሊው ቀለሙን ራሱ እየቀመመ፣ ከመምህሩ የተቀበለውን መልክ እየተከተለ፣ የቅዱሳንን ገድል በግድግዳ ላይ ያሳያል። አፈወርቅም እጃቸው ለሥዕል የተፈታ መሆኑ ታወቀ። ከጣይቱ ብጡል ጋር የሥጋ ዝምድና እንደ ነበራቸው ይነገራል፤ ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የገቡትም በዚሁ መንገድ ነው።

በዚያን ጊዜ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ እንጂ ገና ንጉሠ ነገሥት አልነበሩም። በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ከግዛታቸው ጋር ቀላቀሉ። በዚያው ሰሞን አፈወርቅን ሥዕል እንዲማሩ ወደ ጣልያን አገር ላኳቸው። ወጣቱም ቶሪኖ በሚባለው ከተማ፣ አልቤርቲና በሚባለው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ገቡ። ጠመንጃና የጠመንጃ አዋቂ በሚፈለግበት ዘመን አንድ የአገራችን ንጉሥ ሠዓሊን ከባሕር ማዶ ልኮ ማስተማሩ ቀላል ነገር አይደለም። በዘመናዊ ታሪካችን መንግሥት ለኪነ ጥበብ ካደረገው እርዳታ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው ብንል አንሳሳትም።

ነገር ግን አፈወርቅ ተምረው ሲመለሱ የጠበቃቸው ምን ነበር? የሥዕል ትምህርት ቤት የለም። ደቀ መዝሙር ተመድቦላቸው የሚያስተምሩበት ወንበር የለም። የነበረው የቤተ መንግሥቱ ሞገስ ብቻ ነው። በእንጦጦ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሥሩ ተባሉ፤ ሠሩም። ጥቂት ቆይቶ ግን ከእቴጌ ጣይቱ ጋር ተጣሉ። የጠቡ ምክንያት ልዩ ልዩ ሆኖ ይተረካል። ለእኛ የሚበቃን ውጤቱ ነው፤ ሠዓሊው የቆሙበት መሬት የአንዲት እመቤት ደስታ ነበረና፣ ደስታው ሲጠፋ መሬቱም አብሮ ጠፋ።

ቀጥሎ በ1886 ዓ.ም. ገደማ የራስ ዳርጌን ልጅ ጉግሣንና ሌላ ወጣት ይዘው ወደ ስዊስ አገር፣ ወደ ኔሻቴል ከተማ ተላኩ። ልጆቹ እዚያ እንዲማሩ ታስቦ ነበር። በዚህ መካከል የውጫሌ ውል ጠብ እየከረረ ሄዶ ጦርነቱ ቀረበ። አፈወርቅም ከነልጆቹ ስዊስን ትተው ወደ ጣልያኖች ዞሩ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራዊት በዐድዋ ሲዋጋ፣ ከአገሪቱ መጀመሪያ ወደ አውሮፓ ከተላኩት ተማሪዎች አንዱ የነበሩት ሰው ከወራሪው ወገን ነበሩ። ይህን የምንጽፈው በማዘን ነው፤ ሳንጽፍ ብናልፍ ግን ታሪክ መጻፋችን ቀርቶ ውዳሴ ይሆንብናል።

ከዐድዋ በኋላ አፈወርቅ በጣልያን አገር ኖሩ። ከ1894 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በናፖሊ ከተማ በነበረው የምሥራቅ ቋንቋዎች ተቋም፣ የአማርኛ መምህር ለነበረው ለፍራንቼስኮ ጋሊና ረዳት ሆነው አስተማሩ። እስቲ ነገሩን እናስተውለው። የጣልያን መንግሥት በዐድዋ ድል ከሆነ ስድስት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ለቋንቋችን ጥናት ወንበር፣ ደመወዝና ማተሚያ ነበረው። ዓላማው ቅኝ አገዛዝ መሆኑን አንዘነጋም። ቢሆንም የአማርኛን ሊቅ በደመወዝ አስቀምጦ ያሠራው የኛ መንግሥት ሳይሆን እርሱ ነው።

ፍሬውም ወዲያው ታየ። በ1897 ዓ.ም. የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፋቸው በሮማ ታተመ። በ1900 ዓ.ም. ልብ ወለድ ታሪክ ወጣ። ታሪኩ በጦርነት የተለያየ ቤተሰብን የሚመለከት ነው። ዋሕድ የሚባለው ልጅና መንትያው ጦቢያ ብዙ ይንከራተታሉ፤ ጦቢያም የወንድ ልብስ ለብሳ ትጓዛለች። የአማርኛው ብልጽግና ዛሬም ያስደንቃል፤ አንድን ነገር በስሙ ለመጥራት ቃል አጥተው አያውቁም። በዚያው ዓመት በፈረንሳይኛና በአማርኛ ለመንገደኞች ያዘጋጁት መጽሐፍ ታተመ፤ በእርሱም ውስጥ በቋንቋ ማስተማር ስም የአገራቸውን አስተዳደር አጥብቀው ነቀፉ። በ1901 ዓ.ም. ደግሞ ዳግማዊ ምኒልክ የተባለውን የታሪክ መጽሐፍ አወጡ። እንዲህ እያለ የአዲሱ ሥነ ጽሑፋችን የመሠረት ድንጋይ በሮማ ተጠረበ፤ በጣና ዳር የተወለደው ጥበብም በባዕድ ተቋም አፈራ።

አፄ ምኒልክ ካለፉ በኋላ ነጋድራስ አፈወርቅ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1910ዎቹ ዓመታት የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ሆኑ። ከተማችን በዚያን ጊዜ ገና ልጅ ነበረች። ባቡሩ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልቻለ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ቆመ፤ በቆመበትም ከተማ በቀለ። መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ። በደቻቱ አሸዋ ወዲህ የፈረንሳዮቹ ከዚራ በቀጥታ ጎዳናዎቹና በዛፎቹ፣ ወዲያ የነጋዴዎቹ መጋላ ሆነው ተደራጁ። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የአገሪቱ የውጭ ንግድ ዋናው በር ይህ ሆነ። ቡናውና ቆዳው በዚህ ይወጣል፤ ልብሱና ሸቀጡ በዚህ ይገባል። በዚህ በር ላይ ቀረጥ የሚያስከፍለው ነጋድራስ ትልቅ ሹም ነበር። ፈረንሳይኛና ጣልያንኛ የሚያውቅ ሰው በከዚራ ቢያስፈልግ አያስገርምም። ግን በአልቤርቲና አካዳሚ የተማረ ሠዓሊ፣ የመጀመሪያውን ልብ ወለድ የጻፈ ደራሲ፣ የመንግሥት ሥራ ሲሰጠው የተገኘለት ስፍራ ከረጢት ማስቈጠር መሆኑን ስናስብ ዝም ብለን ማለፍ አንችልም።

ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ሌላ ነው። በዚያው ዘመን ያንኑ የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹመት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም ይዘውት ነበር። ገብረ ሕይወት ያለ መንግሥት እርዳታ በአውሮፓ የተማሩ ሊቅ ናቸው። በ1904 ዓ.ም. በአሥመራ በታተመው ጽሑፋቸው የአፈወርቅን የታሪክ መጽሐፍ ነቅፈው ነበር። አፄ ዮሐንስን እያቃለለ አፄ ምኒልክን ከመጠን በላይ ያወድሳል፣ ታሪክ ጸሐፊም አድልዎ አይገባውም የሚል ነበር ነቀፋቸው። ነቃፊውና ተነቃፊው በአንድ ከተማ በአንድ የሥራ ወንበር ተፈራረቁ። ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው ሞቱ። መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተባለው ትልቁ መጽሐፋቸው የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም.፣ በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ማተሚያ ቤት ነው። መንግሥት ማተሚያ ቤት ሲያቋቁም የሙት ደራሲ ቃል እንኳ እንደሚተርፍ ከዚህ እንረዳለን።

አፈወርቅ ከድሬዳዋ በኋላ የኢትዮጵያውያንንና የውጭ አገር ሰዎችን ክርክር በሚያየው ልዩ ፍርድ ቤት ሹም ሆኑ። በ1920ዎቹ መካከል ደግሞ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው በሮማ ተቀመጡ። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት አገራችንን ሲይዝ እንደገና ለጣልያን አደሩ። አፈ ቄሣር የሚባል ስም ተሰጣቸው፤ ብዕራቸውንም ለወራሪው ጋዜጣ አዋሉ። አርበኛው በዱር በገደል ሲሞት፣ ብዙ የተማሩ ወጣቶችም ሲረሸኑ፣ እርሳቸው የገዢውን ሥራ ያወድሱ ነበር። ነፃነት ሲመለስ በክሕደት ተከሰሱ፤ በግዞትም ወደ ጅማ ተላኩ። በዚያም የሠዓሊው ዓይን ጠፋ። በ1940 ዓ.ም. ዐይነ ስውር ሆነው ዐረፉ።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን? አንዳንድ ወንድሞችና እኅቶች ጥፋቱ ሁሉ የመንግሥት ነው እንድንል ይፈልጉ ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ አንልም። ገብረ ሕይወትም ስደት ደርሶባቸዋል፤ አገራቸውን ግን አልሸጡም። ክሕደት የአድራጊው ነው፤ በጥበብ አይታጠብም። ነገር ግን ከሰውየው ጥፋት ሌላ የአሠራር ጥፋት መኖሩን ካላየን ትምህርቱ ያመልጠናል። ለአፈወርቅ የተደረገው እርዳታ ከሞገስ የመጣ ነበር፤ ሞገስም ባለቤቱ ሲቈጣ ይነሣል። አስተማራቸው እንጂ የሚሠሩበት ቤት አልሠራላቸውም። ሠዓሊው ከቶሪኖ ያመጡትን ትምህርት ለአንድ ልጅ እንኳ በሥርዓት የሚያስተላልፉበት ትምህርት ቤት ሳይኖር ቀረ።

ልዩነቱን በሌላ ሰው እንየው። አለ ፈለገ ሰላምም ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ዘር የተወለዱ፣ በባሕር ማዶ፣ በቺካጎ ሥዕል የተማሩ ናቸው። እርሳቸው ሲመለሱ በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ትምህርት ቤቱን የከፈተው ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት በ1967 ዓ.ም. አለፈ፤ ደርግም መጥቶ ሄደ። ትምህርት ቤቱ ግን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ፣ በመሥራቹ ስም እየተጠራ እስከ ዛሬ ሠዓሊ ያወጣል። በሞገስና በተቋም መካከል ያለው ርቀት ይህን ያህል ነው።

የዘጌን ደን አስቀድመን ያነሣነውም ለዚህ ነው። ዛፉንና ሥዕሉን ያቈየው የአንድ ጌታ ቸርነት ሳይሆን ሁሉ የሚያውቀው፣ ሹም ሲሻርም የማይሻር ሥርዓት ነው። ቅርስና ደን የሚጠበቁት በእንዲህ ያለ ነገር ነው። መንግሥታችንም ይህን በሕግ ተቀብሎታል። በ1958 ዓ.ም. ስለ ጥንታዊ ቅርሶች ዐዋጅ ወጣ፤ በኋላም የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ ቍጥር 209/1992 ታወጀ። የጎደለው ዐዋጅ ሳይሆን ዐዋጁ በየቦታው ጠባቂ፣ በጀትና ተጠያቂ እንዲኖረው ማድረግ ነው።

ለእኛ ለድሬዳዋ ተማሪዎች ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ከከተማችን አጠገብ ፈረንሳዮች የጃርት ዋሻ ብለው የሰየሙት ዋሻ አለ። በ1925 ዓ.ም. አንሪ ብሮይ የሚባለው ፈረንሳዊ ካህንና ሊቅ ሥዕሎቹን መረመረ፤ በዋሻውም ውስጥ የጥንት ሰው መንጋጋ ተገኘ። በለጋ ኦዳም ስማቸው የማይታወቅ ሠዓሊዎች ከብትና አውሬ በዐለት ላይ ሥለዋል። እነዚህ ሠዓሊዎች ከቶሪኖም ከቺካጎም በፊት የነበሩ የዚህ ምድር ባለሙያዎች ናቸው። በዐለቱ ላይ ስሙን በከሰል የሚጽፍ ጎብኚ ቢመጣ የሚከለክለው ማን ነው? የከዚራው አሮጌ ጣቢያና የባቡሩ ወርክሾፕ ዕቃስ በማን እጅ፣ በየትኛው መዝገብ ይገኛል?

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። የከተማው አስተዳደር ከዋሻ ሥዕሎች እስከ ባቡር ጣቢያው ያሉትን ቅርሶች በዝርዝር መዝግቦ መዝገቡን ለሕዝብ ይግለጥ። ለእያንዳንዱም በስሙ የሚጠየቅ ጠባቂ ያቁም። በየዓመቱ በጀቱ ላይ ቢያንስ ትንሽ ገንዘብ በቋሚነት ይመድብ፤ ትንሽ ሆኖ በየዓመቱ የሚመጣ በአንድ ዓመት ከሚዘንብ ብዙ ይሻላልና። የእኛ ማኅበርም ዝርዝሩን ለማዘጋጀት የታሪክና የሥነ ምድር ተማሪዎችን ጉልበት ሊያቀርብ ይችላል። ነጋድራስ አፈወርቅ በዚህ ከተማ ሳሉ ለሥዕላቸው የሚሆን አንድ ክፍል እንኳ በመንግሥት ሥርዓት አልተዘጋጀላቸውም ነበር። ከእኛ መካከል እጁ ለሥዕል ወይም ለብዕር የተፈታ ወጣት ሲነሣ ድሬዳዋ ከቀረጥ ወንበር ሌላ የምትሰጠው ነገር እንዲኖራት ከአሁኑ እንሥራ።