ዶክቶር አክሊሉ ለማና የእንዶድ ዐረፋ

በደብረ ታቦርና በጉና ዙሪያ ያደግን ልጆች እንዶድን ከሕፃንነታችን እናውቀዋለን፤ እናቶቻችን የጥምቀትን ነጠላ ሲያጥቡበት አይተናልና። ስለ ምን ዐረፋ እንደሚያወጣ ግን አልጠየቅንም። ከጠየቁት ሰዎች ዋናው ዶክቶር አክሊሉ ለማ ናቸው።

ዶክቶር አክሊሉ በ1935 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን) በምሥራቅ ኢትዮጵያ ተወለዱ። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተምረው፥ በ1964 ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ ለማጥናት ወደ አድዋ ሄዱ። በዚያም ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ሌላ ሰው ቢሆን አይቶ ባለፈ ነበር። እሳቸው ግን የእንዶዱን ዐረፋ በሕይወት ባለ ቀንድ አውጣ ላይ አስሞከሩት፤ ቀንድ አውጣውም ሞተ።

ቀጥሎ የኬሚስትሪ ተራ ሆነ። በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ሳፖኒን የተባለ ነገር አለ። የሞለኪዩሉ አካል በ30 የካርቦን አተሞች የተሠራ ሆኖ ቅባትን ይወዳል፤ በጫፉ የተንጠለጠለው የስኳር ሰንሰለት ደግሞ ውኃን ይወዳል። እንግዲህ ቅርጹን በወረቀት ላይ የተመለከተ ሰው ጠባዩን አስቀድሞ ሊገምት ይችላል፤ ከውኃ ጋር ዐረፋ ይሠራል፥ ቅባትን ከልብስ ያላቅቃል፥ ቅባት ያለበትንም የሕዋስ ሽፋን ያፈርሳል። በዶክቶሩ ስም ለማቶክሲን የተባለው ሞለኪዩል ስኳሩ በአንድ ጫፍ ብቻ ነው። በሁለቱም ጫፍ ስኳር ካለ ግን ቀንድ አውጣውን አይገድልም። እኛን ያስደነቀን ይህ ነው! በደረቁ ፍሬ ውስጥ ብዙው ባለ ሁለት ሰንሰለት ነው፤ ተወቅጦ በውኃ ሲዘፈዘፍ የፍሬው ኢንዛይም አንዱን ሰንሰለት ይቆርጠዋል። የእናቶቻችን ሙቀጫ ይህን ሥራ ኢንዛይም የሚባል ስም ሳይሰማ ሲሠራ ኖሯል።

ዶክቶር አክሊሉ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። በአድዋ ወንዞች እንዶድ ለ5 ዓመታት ያህል ሲጨመር፥ በትናንሽ ሕፃናት ላይ በሽታው ከ100 ከ50 ወደ 7 ወረደ። ሆኖም የውጭ አገር ባለሙያዎች መርዝነቱ በውጭ ላቦራቶሪ ካልተመረመረ አንቀበልም በማለታቸው ሥራው ብዙ ዓመት ዘገየ፤ ድሀ አገር በራሷ ተክል እንዳትጠቀም እንዲህ መጓተቱ ያሳዝነናል። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክቶር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ።

በ1997 በአሜሪካ አገር ዐረፉ። እንዶድ ግን እሳቸው እንደ ተመኙት በየወንዙ አልተዳረሰም፤ በጣና ዙሪያ የሚኖሩ ልጆች ቢልሃርዚያን ዛሬም ያውቁታል።