ኢጎር ሲኮርስኪና የማርሹ ጣጣ

ኢጎር ሲኮርስኪ እ.ኤ.አ. በ1889 ኪየቭ ተወለደ። እናቱ ሕክምና የተማረች ሴት ነበረች፤ ስለ ዳ ቪንቺ የበረራ ሐሳቦች በልጅነቱ የነገረችውም እሷ ናት። በ1909፣ ልክ በእኔ ዕድሜ በ20 ዓመቱ፣ የመጀመሪያ ሄሊኮፕተሩን ሠራ። አልተነሣም። በ1910 የሠራው ሁለተኛው ራሱን ቢያነሣም ሰው መሸከም አቃተው። ትቶት ወደ አውሮፕላን ሥራ ዞረ።

ከሩሲያ አብዮት በኋላ ተሰድዶ በ1919 ኒው ዮርክ ገባ። ሥራ ሲያጣ እንደ እሱ ለተሰደዱ ሩሲያውያን ሒሳብ አስተማረ። በ1923 ሎንግ አይላንድ ውስጥ በአንድ ዶሮ እርባታ ግቢ ኩባንያውን ሲያቋቁም፣ ሙዚቀኛው ራክማኒኖቭ 5,000 ዶላር ደግፎታል።

ሄሊኮፕተሩን ግን አልረሳም። ከችግሮቹ አንዱ ይህ ነው፦ ሞተሩ በደቂቃ ከ2,000 ጊዜ በላይ ይዞራል፤ ከላይ ያለው ሮተር ግን በጥቂት መቶ ዙር መወሰን አለበት፤ አለዚያ የክንፉ ጫፍ ወደ ድምፅ ፍጥነት ይጠጋል። ዙሩ ወደ አንድ አሥረኛ ሲወርድ የሚጠመዝዘው ኃይል አሥር እጥፍ ያድጋል። ያንን የሚችል ማርሽ ወፍራም መሆን አለበት፤ ወፍራም ማርሽ ደግሞ ከባድ ነው። ሄሊኮፕተር ራሱ የሚያነሣው ክብደት ማለት ነው።

ሌላው ምርጫ ቀበቶ ነው፤ መኪና ሲጠግን አባቴ ቺንጋ የሚለው። ቀላል ነው፣ የሞተሩን ንዝረትም ይውጣል፤ ሸክሙ ሲበዛ ግን ይንሸራተታል። ሲኮርስኪ ለቪኤስ-300 ሁለቱንም አጣመረ፦ መጀመሪያ ቺንጋ፣ ቀጥሎ አቅጣጫ የሚቀይር ማርሽ። በእኔ ግምት ትክክል ነበር። ሞተሩ 75 የፈረስ ጉልበት ብቻ ስለነበረው ቺንጋው በቃው። በመስከረም 1939 ስትራትፎርድ ላይ፣ መኪናዋ በገመድ ታስራ፣ እሱ ራሱ እየነዳ ከመሬት ተነሣ። በኋላ ለመጡት ትልልቆች ይህ አልሆነም፤ እንደ ኤስ-58 ባሉት በመካከለኛው ማርሽ ዙሪያ የሚዞሩ ትንንሽ ማርሾች ሸክሙን ተካፈሉት።

ሲኮርስኪ በ1972 ኮነቲከት ውስጥ በ83 ዓመቱ ዐረፈ። እኔን እንደ ነርሲንግ ተማሪ የያዘኝ ግን ጥር 3 ቀን 1944 ነው። ኒው ዮርክ አጠገብ ተርነር የተባለ የጦር መርከብ ፈንድቶ ብዙ መርከበኞች ተቃጠሉ። በረዶና ነፋስ ሌሎቹን አውሮፕላኖች አስቀርቶ ነበር። የባሕር ጠረፍ ጠባቂው መኮንን ፍራንክ ኤሪክሰን በሲኮርስኪ ሄሊኮፕተር የደም ፕላዝማ ከማንሃተን ጭኖ ሳንዲ ሁክ ሆስፒታል አደረሰ። በረራው 14 ደቂቃ ያህል ፈጀ።